ሰንሰለቱ የሚበጠሰው የት ላይ ነው?

«ዓለም ጠባብ ናት» በሚለው ሥነ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሚራክል ማይል ከሚባለው የዊልሸር ጎዳና ሠፈር ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ፣ ፌርፋክስ የተባለው ጎዳና ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ባለው አጭር ርቀት የኢትዮጵያውያን መንደር ይሆናል። የከተማይቱ ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በይፋ ሰጥቶታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ጎዳና ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ የሚቀመጥ ሰው አንድ ዓይነት ትርኢት ደጋግሞ ያያል። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «የየት አገር ሰው ነዎት?» «የት ተማሩ?» «እገሌን ያውቁታል?» ይባባላሉ። የቡናው አቦል አልቆ ቶናው ሳይቀዳ፣ አንዱ የሌላውን የአክስት ልጅ፣ ወይም የክፍል ጓደኛ፣ ወይም የክርስትና አባት የሚያውቅ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ሁለቱም «አይ፣ ዓለም ጠባብ ናት!» ይላሉ።

ይህ አነጋገር እጅግ ስለተለመደ ማንም ሲመረምረው አይታይም። ከንግግርም አልፎ በልብ ወለድ፣ በተውኔትና በሳይንስ ጥናት ውስጥ ገብቶ የራሱ የሆነ ሥነ ጽሑፍ አፍርቷል። የዚህ ሐተታ ዓላማ የዚህን ሥነ ጽሑፍ ዋና ዋና ሥራዎች መርምሮ፣ ምን እንደሚያሳዩና ምን እንደሚሸፍኑ መግለጽ፣ ከዚያም የራሳችን ሥነ ጽሑፍና የራሳችን ታሪክ በዚህ ረገድ የሚሰጡትን ምስክርነት ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ በመጨረሻው ላይ ይፈርዳል።

ሀ. የካሪንቲ ጨዋታ

የሐሳቡ መነሻ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሃንጋሪው ደራሲ ፍሪጌሽ ካሪንቲ በ1929 ያሳተመው «የሰንሰለት ቀለበቶች» የሚል አጭር ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ወዳጆች ተሰብስበው ሲጫወቱ አንዱ ውርርድ ያቀርባል። ይኸውም በምድር ላይ ካለው የሰው ልጅ መካከል ማንም ሰው ቢጠራ፣ ከአምስት በማይበልጡ ሰዎች ትውውቅ ከእርሱ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል አረጋግጣለሁ የሚል ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም ሕዝብ አንድ ቢሊዮን ተኩል ያህል ተብሎ ይገመት ነበር። በመጀመሪያ የተጠራችው የስዊድኗ ደራሲ ሴልማ ላገርሎፍ ናት። ላገርሎፍ የኖቤል ሽልማት ስለተቀበለች የስዊድንን ንጉሥ ታውቃለች፤ ንጉሡ ቴኒስ ይወዳል፤ ቴኒስ የሚጫወት ሃንጋሪያዊ ደግሞ የተራኪው ወዳጅ ነው። በዚህ ዓይነት ሰንሰለቱ ባጭሩ ይዘጋል።

ተራኪው ይህ ቀላል እንደነበረ ያምናል፤ ታዋቂ ሰዎች ይተዋወቃሉና። ስለዚህ ከበድ ያለውን ይመርጣል። በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ብረት ከብረት የሚያጣብቅ አንድ ተራ ሠራተኛ ይጠራል። ሠራተኛው አለቃውን ያውቃል፤ አለቃው ፎርድን ያውቃል፤ ፎርድ የሄርስት ጋዜጦችን ዋና ዳይሬክተር ያውቃል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ የተራኪውን ወዳጅ ያውቃል። ውርርዱ ተረታ!

የጽሑፉ ውበት የማይካድ ነው። አጭር ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፤ የሰውን ልጅ አንድነት ያለ ስብከት ያሳያል። ይሁን እንጂ ሰንሰለቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ልብ እንበል። ከሠራተኛው ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፋብሪካው ጌታ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ደራሲው ይወርዳል። ሠራተኛውና ደራሲው የሚገናኙት በጌቶቻቸው በኩል ብቻ ነው። ደግሞስ ሠራተኛው አለቃውን «ያውቃል» ሲባል ምን ማለት ነው? ትእዛዝ ይቀበለዋል ማለት ነው። ይህ ሠራተኛ አንድ ቀን ማለዳ «ቡዳፔስት ለሚኖር ደራሲ የማደርሰው ጉዳይ አለኝ፣ ለአቶ ፎርድ ይንገሩልኝ» ቢል ምን መልስ ይጠብቀዋል? ካሪንቲ መንገድ መኖሩን አሳይቶናል። በመንገዱ ላይ ማን መሄድ እንደሚፈቀድለት ግን አልጠየቀም።

የእኛ ቋንቋ ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አማርኛ ተናጋሪ «ሰው አለው» ሲል፣ ያ ሰው ብዙ ወዳጅ አለው ማለቱ አይደለም፤ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ባለሥልጣን አለው ማለቱ ነው። «ሰው የለኝም» የሚል ባላገርም በመንደሩ ውስጥ ብቸኛ ሆኖ አይደለም። ከጭቃ ሹሙ እስከ ቤተ መንግሥት የሚዘልቅ የሹማምንት ሰንሰለት ከፊቱ ተዘርግቷል፤ እያንዳንዱንም በስም ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ሰንሰለት ግብርን ወደ ላይ፣ ትእዛዝን ወደ ታች ያስተላልፋል እንጂ አቤቱታን አያስተላልፍም። አቤቱታው እንዲያልፍ ባላገሩ ስንቁን ቋጥሮ ደጅ መጥናት ነበረበት። ደጅ ጥናት የትውውቅ ሰንሰለት በአንድ በኩል ብቻ እንደሚሠራ የሚያስረዳ የራሳችን ቃል ነው።

ለ. የደረሱትና ያልደረሱት ፖስታዎች

ካሪንቲ በጨዋታ ያቀረበውን ነገር አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ሚልግራም በ1960ዎቹ በሙከራ መረመረው። ከጄፍሪ ትራቨርስ ጋር በ1969 ባሳተመው ጥናት፣ በነብራስካና በቦስተን ለሚኖሩ 296 ሰዎች አንድ ሰነድ ይሰጣቸዋል። ሰነዱ ሊደርስ የሚገባው በቦስተን ለሚሠራ አንድ የአክሲዮን ደላላ ነው። ደንቡ ሰነዱን በቀጥታ ለደላላው መላክ ሳይሆን፣ ለደላላው ይቀርባል ብለው ለሚያስቡት ለራሳቸው ትውውቅ ማስተላለፍ ነው። ተቀባዩም እንደዚሁ ያደርጋል። በመጨረሻ የደረሱት ሰንሰለቶች በአማካይ 5.2 አገናኞች ነበሯቸው። «ስድስት» የሚለው ቁጥር በሰፊው የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። በ1990 ጆን ጉዌር የጻፈው ተውኔት ቁጥሩን በርእሱ ላይ አውሎ በየሰው አፍ አስገባው።

ነገር ግን ከ296ቱ የደረሱት ስንት ናቸው? 64 ብቻ ናቸው። የቀሩት 232 በየመንገዱ ቀርተዋል። ሕዝቡ የያዘው የደረሱትን አማካይ ነው፤ ያልደረሱት ምሳሌ አልሆኑም፣ ተውኔትም አልተጻፈላቸውም። ይህ ትዝብት ያኔም ሆነ በኋላ ከሌሎች ተመራማሪዎች የተሰነዘረ በመሆኑ አዲስ ግኝት አድርገን አናቀርበውም። ይሁንና ሥነ ጽሑፍን ለሚመረምር ሰው ትልቅ ቁም ነገር አለው። ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው በደረሰው ሰው አፍ ነውና።

ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን ብዙም የማይወሳው ሌላው ሙከራ ነው። በ1970 ቻርልስ ኮርትና ሚልግራም ያሳተሙት ጥናት መነሻ ያደረገው ይህችኑ የሎስ አንጀለስ ከተማ ነበር። በከተማይቱ የሚኖሩ 540 ነጮች በኒው ዮርክ ለሚኖሩ ሰዎች ሰነድ እንዲያደርሱ ተጠየቁ። ከተፈላጊዎቹ ግማሾቹ ነጮች፣ ግማሾቹ ጥቁሮች ነበሩ። ለነጮች ከተላኩት 33 በመቶ ሲደርሱ፣ ለጥቁሮች ከተላኩት የደረሱት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ከተማው አንድ፣ ደንቡ አንድ፣ አገሩም አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው በኅብረተሰቡ መካከል የቆመው የቀለም ግንብ ነው። እንግዲህ «ዓለም ጠባብ ናት» ለሚለን ሰው «ለማን?» ብለን ልንጠይቀው ይገባል።

በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህንኑ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ሞከረ። ከ24,163 ሰንሰለቶች ግባቸውን የመቱት 384 ብቻ ሆኑ። በአንጻሩ ፌስቡክ የተባለው ድርጅት በ2016 የደንበኞቹን ትውውቅ በኮምፒዩተር ሲቆጥር፣ በማናቸውም ሁለት ሰዎች መካከል ያሉት አገናኞች በአማካይ 3.57 ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይጣረሱም። ኮምፒዩተሩ የቆጠረው ያለውን መንገድ ነው፤ የመልእክቱ ሙከራ የቆጠረው መንገዱን የሄደበትን ሰው ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ የሚያደርሰው ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። የ2003ቱ ተመራማሪዎችም ሰንሰለቶቹ ለምን እንደተቋረጡ ሲመረምሩ፣ ዋናው ምክንያት የሚያስተላልፉለት ሰው ማጣት ሳይሆን የፍላጎት ማነስ እንደሆነ ገምተዋል። አብዛኛው ሰው መልእክቱን ተቀብሎ ዝም ብሏል።

የጉዌር ተውኔት ከሌሎቹ የሚሻለው ይህን ስለሚያውቅ ነው። አንድ ወጣት ጥቁር የታዋቂው ተዋናይ የሲድኒ ፖይቲዬ ልጅ ነኝ እያለ በኒው ዮርክ ሀብታሞች ቤት ይገባል። በሩን የከፈተለት የሌለ ትውውቅ ነው። እውነተኛ ማንነቱን ይዞ ቢመጣ ኖሮ በሩ አይከፈትም ነበር። የቤቲቱ እመቤት ስድስት ሰዎች ብቻ ከማንም እንደሚለያዩን ስታስብ ሐሳቡ ያጽናናታል፤ ወዲያውም ያሠቃያታል፤ ትክክለኞቹን ስድስት ማግኘት አለና። ተውኔቱ ግን ከሳሎኑ አይወጣም። ወጣቱ በመጨረሻ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ ተመልካቹም ከእመቤቲቱ ጸጸት ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጠፋውን ሰው ታሪክ ከጠፋው ሰው ወገን ሆኖ የሚተርክ አልተገኘም።

ሐ. በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ርቀት

ወደ ራሳችን ሥነ ጽሑፍ እንመለስ። የዘመድን ርቀት በቁጥር ያወጣ ባህል አለን። ጋብቻ የሚፈቀደው ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ከታለፈ በኋላ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ያለ ወረቀትና ያለ ኮምፒዩተር ስንት መቶ ሰዎችን በቃሉ እንደሚይዝ ያየ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ቆጠራ ሁለት ሥራ አለው። የሚያቀራርብበት ጊዜ አለ፤ የሚያግድበትም ጊዜ አለ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከማንኛውም ድርሰታችን በበለጠ ያጋልጣል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ደምና አጥንት ሲቆጥሩ፣ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ያልፋል። በዛብህ መምህሯ ሆኖ በዚያው ግቢ ይገባል። በካሪንቲ አቆጣጠር በሁለቱ መካከል አንድም አገናኝ የለም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ፊደልና ቃል ይለዋወጣሉ። በኅብረተሰቡ አቆጣጠር ግን በመካከላቸው ሊሻገሩት የማይችሉት ገደል አለ። ርቀት የሚለካው በመካከል ባሉ ሰዎች ቁጥር ሳይሆን፣ ኅብረተሰቡ እንዲያልፍ በሚፈቅደውና በሚከለክለው ነገር መሆኑን ልብ ወለዱ ያለ አንዳች ሐተታ ያስተምረናል።

በዚህ ረገድ የጉዱ ካሣ ቦታ ከፍ ያለ ነው። ጉዱ ካሣ የፊታውራሪው ዘመድ ነው፤ ስለዚህ «ሰው አለው»። ይሁንና ዝምድናውን ለመውጣጫ መሰላል አላደረገውም። የደረሰውን እውነት ለሚገባው ሰው ያስተላልፋል፣ በዚህም ምክንያት እብድ ይባላል። ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ የሚያደርግ ሰው በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሚሰጠው ስም «ጉዱ» ነው። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ በጠፋች ጊዜ በመንገድ የቆሰለውን በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ ማግኘቷን አንዳንድ አንባቢ እንደ ድንገተኛ አጋጣሚ ይነቅፈው ይሆናል። በእኛ አስተያየት ነቀፋው ልክ አይደለም። መገናኘታቸው አጋጣሚ ቢመስልም መዘግየታቸው አጋጣሚ አይደለም፤ ያዘገያቸው ሥርዓት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተገልጿልና።

መ. ጥያቄው ከመርማሪ አፍ ሲወጣ

እስካሁን የተናገርነው ሰንሰለቱ ስለሚበጠስበት ሁኔታ ነው። ታሪካችን ግን ከዚህ የከፋም ያውቃል። ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ሲቀር ሰው የሚሞትበት ጊዜም ነበር።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን «ማንን ታውቃለህ?» የሚለው የካሪንቲ የጨዋታ ጥያቄ የመርማሪ ጥያቄ ሆነ። ማን መለመለህ? አንተስ ማንን መለመልህ? ከማን ጋር ታየህ? አንድ ስም ወደ ሌላ ስም፣ ሌላው ወደ ሦስተኛ ይመራል። በኅቡእ የሚሠሩት ድርጅቶች አባሎቻቸውን በትናንሽ ሕዋስ አደራጅተው፣ አንዱ ከጥቂቶች በቀር ሌላውን እንዳያውቅ ያደረጉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። በየቀበሌው በተደረገው የማጋለጥ ስብሰባ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠራ ተገደደ። ትውውቅ ማስረጃ ሆነ፤ የአንድ ሰው ስም በሌላው ማስታወሻ ደብተር መገኘቱ እስከ ሞት አደረሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰው እንደማያውቅ አድርጎ ማለፍን ተማረ።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተሰኘው የ2008 ፊልም ይህን ትውልድ ከሚያሳዩን ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። ኃይሌ የፊልም ትምህርቱን የተማረው በዚህችው ከተማ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ነው። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር የተማረ ነው። በስደት ሳሉ ጓደኞቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ አብረው ይዘፍናሉ። አገር ቤት ሲገቡ ያው ትውውቅ ወጥመድ ይሆንባቸዋል። አንበርብር በመጨረሻ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ ያየውን ሁሉ በቅደም ተከተል ለማስታወስ እንኳ ይቸገራል። ሰንሰለቱ በሰውየው አእምሮ ውስጥ ተበጥሷል። በእኛ ፍርድ ፊልሙ በተማሪዎቹ ክርክር ላይ አንዳንዴ ሰውን ትቶ መፈክርን ያናግራል፤ ይህ ድካሙ ነው። የእናትየው ዝምታ ባለበት ሁሉ ግን ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ይናገራል። እናትየው ልጇን «ማንን ታውቃለህ?» ብላ አትጠይቀውም። መምጣቱ ይበቃታል።

እንግዲህ በፌርፋክስ ወደ ሰማነው አነጋገር ስንመለስ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ሁለት እንግዶች ቶናው ሳይቀዳ የጋራ ሰው ያገኙት ዓለም ጠባብ ስለሆነች አይደለም። የወጣንበት በር ጠባብ ስለነበረ ነው። ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ የወጣው ተማሪ ከጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጥቂት የከተማ ሠፈሮች የመጣ ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ የሌለው የባላገር ልጅ በ«እገሌን ታውቀዋለህ?» አይደረስበትም። ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እንዳስረዳው፣ አዲስ ወሬ የሚመጣልን ከሩቅ ትውውቅ ነው፤ የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነውና። ስለዚህ ዘወትር ከሚመስሉን ጋር ብቻ የምንቀመጥ ከሆነ፣ ጠባብ የሆነችው ዓለም ሳትሆን ጠረጴዛችን ናት።

ሠ. ግለ ሂስ

ሌላውን የነቀፈ ራሱን ሳይነቅፍ ብዕሩን ሊያስቀምጥ አይገባም። ስለዚህ የራሴን እጨምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጎዳና አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የወንድማቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ይጠይቁ ነበር። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ የት እንደደረሰ አልታወቀም። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች መካከል እንደፈለጉትና እንዳላገኙት ነገሩኝ። የተያዘበትን ሠፈር ሲጠሩልኝ፣ በዚያው ጊዜ በዚያው አካባቢ ታስሮ የነበረ አንድ ጋሼ እንደማውቅ ትዝ አለኝ። «እጠይቅልዎታለሁ፣ እማማ» አልኩ። ስልካቸውንም ጻፍኩ።

አልጠየቅኩም። ከጋሼ ጋር በአንድ ስብሰባ በአገር ጉዳይ ተነጋግረን በክፉ ቃል ተለያይተን ነበር። ልደውል እልና «ምን ብዬ እጀምራለሁ?» እያልኩ አሳድረዋለሁ። አንድ ሳምንት አንድ ወር ሆነ፤ ወሩ ሰባት ወር ሆነ። በመጨረሻ ስደውል ጋሼ ስለ ጠባችን አንድም ቃል አላነሡም። የሰውየውን ስም ጠየቁኝ፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ሌላ ስልክ ሰጡኝ። ያም ሰው ሌላ ሰው ጠቆመኝ። በአራተኛው ሰው ላይ መልሱ ተገኘ። ከወንድማቸው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ቀን የታሰረ ሰው በሌላ ክፍለ ግዛት ይኖራል። ሰውየው የመጨረሻውን ሌሊት ያስታውሳል፤ ወንድማቸው ነጠላ ጫማውን ለማን ሰጥቶ እንደወጣ እንኳ ያስታውሳል። አራቱ ስልኮች በሁለት ቀን ውስጥ ተደውለው አለቁ።

ለእማማ ስነግራቸው እጄን ይዘው ብዙ አለቀሱ፣ መረቁኝም። ከዚያ በኋላ ያለ ቁጣ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ይህን ያህል ቅርብ ከነበረ፣ ለምን ይህን ያህል ቆየ?»

ለዚህ ጥያቄ የካሪንቲም ጨዋታ፣ የሚልግራምም አማካይ መልስ አይሰጥም። መልሱ እኔ ዘንድ ነበር። ከነብራስካ ተልከው መንገድ ላይ ከቀሩት ሰነዶች አንዱ በእኔ ኪስ ውስጥ ሰባት ወር ተቀምጧል። ሌሎቻችንም ኪሳችንን ብንፈትሽ ባዶ የሚሆን አይመስለኝም። በቡድን፣ በወገን፣ በአሮጌ ስብሰባ ቂም ምክንያት የማንደውልለት ሰው አለን፤ በዚያ ሰው በኩል ብቻ የሚደርስ መልእክት ደግሞ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

ስለዚህ ከጸሐፊዎቻችን የምንጠይቀው ይህ ነው። በስደት ስለተገናኙ ሰዎች ብዙ ተጽፏል፤ አንባቢም በደስታ ያነበዋል። ከእንግዲህ ስለተበጠሰው ቀለበት ይጻፍ። ማን ጋ እንደተበጠሰ፣ በፍርሃት ይሁን በኩራት ወይም በቂም፣ በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። አንባቢያችን ደግሞ ይህን መጽሔት ከማጠፉ በፊት ያልደወለለትን አንድ ሰው ያስታውስ። እማማ የጠየቁኝን ጥያቄ እኔ ገና አልመለስኩም።